ቃል የሰጠች ሴት

አክስቴ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቴአትር ቤት ስትሠራ አንድም ተመልካች ፊቷን አይቶት አያውቅም። ሥራዋ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን በጣት መከተልና ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ማቀበል ነበር። መታወቂያዋ ላይ «የጽሑፍ ክፍል ረዳት» ይላል። ባልደረቦቿ ግን «ቃል አቀባይ» ነበር የሚሏት። የመንግሥት ቃል አቀባይ በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ቁጥር «ያንቺ ባልደረባ መጣልሽ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አትተኛላቸውም፤ «እኔ የማቀብለው ቢያንስ ደራሲው ይታወቃል» ትላቸዋለች።

አላገባችም፤ አልወለደችም። የእናቴ ታላቅ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እኔን ይዛ እሷ ዘንድ ገባች፤ ስለዚህ ያደግሁት ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ፣ ከአልጋዋ አጠገብ በተዘረጋች አልጋ ላይ ነው። ሌሎች ልጆች ተረት እየሰሙ ሲያድጉ እኔ የቴአትር ቃለ ተውኔት እየሰማሁ አደግሁ። ልብስ ስታጥብ ንጉሥ ትሆናለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ደግሞ ፍርድ ቤት የቆመች መበለት።

ስለ ሥራዋ ስትናገር ዓይኗ ይበራል። «ተዋናይ ሲረሳ ቀድሞ የሚያሳብቅበት አፉ እንዳይመስልሽ፤ ጣቱ ነው» ትለኝ ነበር። «የሆነ ነገር የወደቀባቸው ይመስል ጣቶቹ መፈለግ ይጀምራሉ። ያኔ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ትንፋሹ ከረጋ ሆን ብሎ ነው ዝም ያለው፣ አልነካውም። ከተቆራረጠ ግን ጠፍቶታል።» ቃል ስታቀብል ‹ሰ› እና ‹ሸ› እንደሚያፏጩ፣ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ እንደሚሰሙ ታውቃለች፤ ስለዚህ እነሱን በጥርሷ አፍና ታሳልፋቸዋለች። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነበር። «በእኛ ቋንቋ ሰውዬው ምን ሊል እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ ማሰሪያ አንቀጹ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚወድቅ ስንቱን ደግፌያለሁ መሰለሽ!»

ደጋግሞ የሚወድቀው ነጎድጓድ ነበር። ነጎድጓድ የቴአትር ቤቱ ዋና ተዋናይ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው። ሲናገር የአዳራሹ የመስኮት መስታወት ይንዘረዘራል ይባልለታል። ጭንቅላቱ ግን ወንፊት ነው፤ የፈሰሰበት ነገር አይቆይም። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ሁልጊዜ በግራ በኩል ይመጣና አንገቱን አስግጎ «አለሽ?» ይላታል። «አለሁ» ስትለው ብቻ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። በዕድሜ ቢበልጣትም «እናቴ» ነበር የሚላት። በጋዜጣ ስለ ትውስታው ኃይል ሲጻፍለት ቆርጣ ታመጣልንና ከእናቴ ጋር እየተቀባበሉ ይስቁ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ደራሲ ስለ አንድ የከተማ በር ጠባቂ ቴአትር ጽፎ ባመጣ ጊዜ ነው። በር ጠባቂው ሠላሳ ዓመት አገረ ገዥውን ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሮ መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ያናግረዋል። በዚያን ጊዜ ማንኛውም ቴአትር መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚ ኮሚቴ ይቀርባል። ይሄኛው አምስት ወር ቆይቶ፣ ተልጦና ተመልምሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ። አሥራ አራት ገጽ ወጥቷል። የበር ጠባቂውን የመጨረሻ ንግግር ግን አልቆረጡትም፤ ከዚያ ይልቅ አንዲት ቃል ለወጡ። ደራሲው የጻፈው እንዲህ ነበር፦

«ጌታዬ፣ በዚህ በር ሲገቡና ሲወጡ ጎንበስ ያልነው፣ ልጆቻችንን ሲወስዱብን ዝም ያልነው፣ ዓይናችንን ከመሬት ያልነቀልነው፣ ስለወደድንዎት አይደለም።»

ኮሚቴው «አይደለም»ን ሰርዞ በላዩ ላይ «ነው» ብሎ ጻፈ። ደራሲው በእርማቱ ተስማማሁ ብሎ ፈረመ። ልምምድ ተጀመረ፤ ነጎድጓድ «ነው» እያለ አጠና፤ ቴአትሩም ተከፈተ። ሕዝቡ እስከ መጨረሻው ንግግር ድረስ ያለቅሳል፤ «ነው» ሲባል ግን ግራ ይጋባና ጭብጨባው ይላላል። አክስቴ እቤት ስትመጣ ከነገሩ ሁሉ የሚያናድዳት ይሄ ነበር። «አንድ ሰው ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻው ደረጃ ቢጎድልበት እንዴት ነው የሚሆነው? እንደዚያ ነው» ትላለች።

በአምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ እንግዶች ይዞ መጥቶ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ነጎድጓድ ይህን ሲያውቅ ገና ከመጀመሪያው ተረበሸ። አክስቴ በሁለተኛው ገቢር ብቻ ዘጠኝ ጊዜ አቀበለችው። የመጨረሻው ንግግር ላይ ደረሰ። «ጎንበስ ያልነው» አለ፤ «ዝም ያልነው» አለ፤ «ዓይናችንን ከመሬት ያልነቀልነው» አለ፤ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። «ስለወደድንዎት…» ብሎ ቆመ። ቀኝ እጁ መፈለግ ጀመረ። ፊቱን ትንሽ ወደ ግራ መለሰ።

አክስቴ «አይደለም» አለችው።

ነጎድጓድ ቃሉን ከእጇ ተቀብሎ፣ ሳያስብ፣ በዚያ መስታወት በሚያንዘረዝር ድምፁ ለቀቀው።  ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ብድግ አለ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሁሉም። ጭብጨባው መጋረጃው ከተዘጋም በኋላ አላባራ አለ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ብቻ አልተነሡም።

ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «ቀዩን አላየሽውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። ጣቴ እላዩ ላይ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ዓረፍተ ነገሩ ከላይ ጀምሮ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። እንዴት አድርጌ ወደ ሌላ ልንዳው? አፌ እምቢ አለኝ፣ በቃ።»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሦስቱን ጠራቸው፤ ነጎድጓድን፣ ደራሲውንና እሷን። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከማን እንደሚጀምር ሲያመነታ ነጎድጓድ ቀደመው።

«እኔ የሰጡኝን ነው ያልኩት» አለ። «ተዋናይ የተሰጠውን ነው የሚለው።»

«ማን ሰጠህ?»

ነጎድጓድ በአገጩ ወደ አክስቴ ጠቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት «እናቴ» ያላት ሴት ያችው ነበረች፤ በአገጭ የምትጠቆም።

ደራሲው ደግሞ ጫማው ላይ እንዳፈጠጠ «እኔ በኮሚቴው እርማት ተስማምቼ ፈርሜያለሁ፤ ሰነዱ አለ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «ሌላ ማንም የለበትም።»

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት ወደ አንድ የምርመራ ቢሮ ትሄድና ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አንዳንድ ቀን ማንም ሳይጠራት ይመሻል። ሲጠሯት ያው ጥያቄ ነው፤ ማን ላከሽ፣ ከማን ጋር ነሽ። አንድ ቀን መርማሪው ወረቀት ገፋላትና «ቃልሽን ስጪ» አላት። «እዚህ የመጣሁት እሱን ሰጥቼ አይደል እንዴ!» ብላ መለሰችለት። ይህን ስትነግረን እናቴ በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በአንዱ ታለቅስ ነበር።

አላሰሯትም፤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አነሷት። ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፤ ወደ ልብስ መጋዘን። የካርቶን ዘውድ፣ የተበሳ ካባ፣ የውሸት ጢም በሳጥን በሳጥን፣ የብል መድኃኒት ሽታ። ልብስ ትቆጥራለች፤ ቁልፍ ትተክላለች። መጋዘኑ በትክክል ከመድረኩ ሥር ነበርና የተዋናዮቹ ኮቴ ከጣሪያው ይሰማታል። ኮቴው ያለ ቦታው ሲቆም አንዱ ቃል እንደጠፋው ታውቃለች። መርፌውን እንደያዘች ወደ ላይ ታንጋጥጣለች። ታውቀዋለች ቃሉን፤ ግን የሚሰማት የለም። እዚያ ስድስት ዓመት ቆይታ ጡረታ ወጣች። ነጎድጓድ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ልብስ ሊለካ እንኳ ወርዶ አያውቅም፤ ሰው ይልክ ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፤ ምስማሩ ያው ነው። ያቺ የእሑድ ከሰዓት ጭብጨባ ለካ በሰው ልብ ቀርታ ኖሯል፤ ድንገት በየአጥሩ ላይ፣ በየካናቴራው ደረት ላይ «አይደለም» የሚል ጽሑፍ ፈላ። ጋዜጠኞችም «አይደለም ያለውን ሰው» ፍለጋ ወጡ፤ ለማግኘት አልተቸገሩም።

ነጎድጓድ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበ ዕለት ሦስታችንም እቤት ነበርን። ጋዜጠኛዋ «በዚያች ቅጽበት ምን ተሰማዎት?» አለችው። እሱም ትንሽ ዝም አለና፣ ዓይኑን ወደ ሩቅ ሰደድ አድርጎ፣ «ሁለት ቃላት ፊቴ ቆመው ነበር። አንዱ ሕይወት ነበር፣ አንዱ እውነት። መረጥኩ» አለ።

እናቴ ጫማዋን አንሥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትወረውር ስትል ያዝኳት። «ውሸታም! ዓይንህ ይጥፋ! እንዴት ዝም ትያለሽ አንቺስ?» አለች ወደ እህቷ ዞራ።

አክስቴ ግን ጆሮዋን ሰጥታ ታዳምጠው ነበር። «ቆም ሲል አያችሁት?» አለች። «ትንፋሹ የረጋ ነበር። ይሄንን አጥንቶታል።»

ደራሲውም አልቀረም። መጽሐፉን አሳተመና በመግቢያው ላይ ቃሉን እንዴት በኮሚቴው አፍንጫ ሥር እንዳሳለፈው አራት ገጽ ጻፈበት። ነጎድጓድ በዓመቱ የአዲሱ መንግሥት ቃል አቀባይ ሆኖ ተሾመ። ድሮ በአክስቴ ይስቁ የነበሩ ባልደረቦቿ፣ ይህን ያህል የሚያስቅ ነገር ተገኝቶ፣ አንዳቸውም አልሳቁም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ጥቁር መኪና ቆመ። ነጎድጓድ ራሱ ወረደ። ሸብቷል፤ ወፍሯል፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። አክስቴ በሩን ከፈተችለት።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

«ምነው አንቱ አልሽኝ? እኔ'ኮ ነኝ!»

«ሰው ሲያድግ ነው'ኮ አንቱ የሚባለው። ይግቡ።»

ገባ፤ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ የመጣበትን ጉዳይ ዘረገፈው። የለውጡ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የበር ጠባቂው ቴአትር ለአንድ ቀን እንዲታይ ተወስኗል። በር ጠባቂ ሆኖ የሚቆመው እሱ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ሰጥተውት ነበር፤ ሞክሮት አልሆነለትም።

«ማሽን ትንፋሼን አያውቀውም» አላት። «አንቺ ካልተቀመጥሽልኝ እዋረዳለሁ።»

አክስቴ የሻይ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ ያኔ ቃሉን ማን እንደሰጠህ ከመድረክ ትናገራለህ?» ወደ «አንተ» መመለሷን ልብ አልኩ።

«በእናቴ ስም» አለ፤ እጇንም ያዘ። «ደግሞስ እኔ መቼ ካድኩሽ? ጊዜው ነበር እንጂ!»

ልምምድ ሲጀመር ጽሑፉን ሰጧት። ከልምምድ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። አዲሱ ጽሑፍ ላይም ቀይ አለ። የመጨረሻው ንግግር አልተነካም፤ እሱማ እንዴት ተደርጎ! ከዚያ ቀጥሎ ግን፣ ያኔ ኮሚቴው ካወጣቸው ገጾች የተመለሰ፣ በር ጠባቂው አገረ ገዥውን ለሚተካው ሹም «አንተም በዚሁ በር ነው የምትወጣው» የሚልበት ክፍል ነበር፤ እሱ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። የሰረዘውን እጅ ታውቀዋለች፤ የነጎድጓድ ነው።

«‹አንተ ነህ ይሄን የሰረዝከው?› አልኩት» አለችን። «‹ጊዜው ስስ ነው፣ ሰዉ በሌላ ይተረጉመዋል› አለኝ።»

«ታዲያ ነገ ትሄጃለሽ?» አለቻት እናቴ።

«ቃል ገብቶልኛል።»

ቴአትሩ የታየ ዕለት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ነጎድጓድ እንደዚያ ሲሠራ ሰው አይቶት አያውቅም ተባለ። አክስቴ አርባ አንድ ጊዜ ነበር ያቀበለችው፤ እኔ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጬ አንዱንም አልሰማሁም። በመጨረሻ «አይደለም» ሲል ጣሪያው የሚነሣ መሰለ። ከጭብጨባው በኋላ ወደ ፊት መጣና እጁን አነሣ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። የአክስቴን ስም ጠበቅሁ። ለመሪው ምስጋና አቀረበ። ለሕዝቡ አቀረበ። ለደራሲው አቀረበ፤ ደራሲውም ተነሥቶ እጅ ነሣ። ከዚያ «ከመጋረጃ ጀርባ ለደከሙት ሁሉ» ብሎ እጁን በቀኝ በኩል ወደ መብራት ሠራተኞቹ አወናጨፈ። አበቃ። ግራና ቀኙን እንኳ አልለየውም።

አክስቴ እቤት ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ ተኛች። ዝም ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ መጻፍ አያቅተኝም። ሳልነግራት ሁሉንም ጽፌ ከነስሜ ለአንድ ጋዜጣ ላክሁ። አወጡት፤ ግን አሳጥረው፣ «የይገባኛል ጥያቄ ተነሣ» የሚል ርእስ ሰጥተው። በሦስተኛው ቀን ቴአትር ቤቱ መልስ ሰጠ። «የተጠቀሱት ግለሰብ የልብስ መጋዘን ሠራተኛ እንደነበሩ የግል ማኅደራቸው ያስረዳል» ይላል። ውሸት አልነበረም፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ከዚያ የሰው አፍ ተከፈተ። ያረጀች ልብስ ሰፊ የጀግና ስም ልትወስድ ነው፣ ማን ከፍሏት ይሆን ተባለ። ገበያ ስትወጣ ከጀርባዋ ይጠቋቆሙባት ጀመር። የትምህርት ቤቴ ርእሰ መምህርም ጠራኝና «የምታስተምሪው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑን አትርሺ» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ያዘነ መስሎ።

«ማን ላከሽ?» አለችኝ አክስቴ፤ ያ መርማሪ ይጠይቃት የነበረውን። «ለምኜሽ ነበር? ስድስት ዓመት ምድር ቤት ስቀመጥ ማንም ውሸታም ብሎኝ አያውቅም ነበር። እኔና እሱ እናውቀዋለን፤ ይበቃኝ ነበር።»

በሳምንቱ ከቴአትር ቤቱ አንድ ወጣት ጸሐፊ የተተየበ ወረቀት ይዞ መጣ። በአክስቴ ስም የተጻፈ ማስተባበያ ነው፤ በዕድሜ ምክንያት ነገር ተምታቶብኝ ነው፣ ቃሉ የተዋናዩ የራሱ ነበር ይላል። ከፈረመች በመምህርቷ ላይ የተጀመረው ነገር ይቆማል አለ። እኔ «አትፈርሚ!» ብዬ ጮህኩ፤ እናቴም «ይባረር ከዚህ!» አለች። አክስቴ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ይሄ ‹ያሉት› አይባልም፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ‹ያልኩት› ነው የሚባለው» ብላ በእስክሪብቶ አረመችለት። ከዚያ ፈረመች።

ልጁ ከወጣ በኋላ አለቀስኩ። «ለእኔ ብለሽ ነው» አልኳት።

«ለማን ብዬ ልፈርም ታዲያ? ለእሱ?» አለችና መነጽሯን ወደ ማኅደሩ መለሰች።

ሥራዬ አልተነካም። ባለፈው ዓመት አዲስ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ መጣልን። ሰማንያ ስድስተኛው ገጽ ላይ የበር ጠባቂው ንግግር አለ፤ ከሥሩም ጥያቄ፦ «ተዋናዩ ይህን ቃል ሲናገር ያሳየውን ቆራጥነት በሁለት አንቀጽ አብራሩ።» በሦስት ክፍል አስተምረዋለሁ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፤ ቆራጥነቱን አሳምረው ያብራራሉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ትክክል እያልኩ አርማለሁ።

ለአክስቴ ነገርኳት፤ ካልነገርኳት ከሌላ ሰው ትሰማዋለች ብዬ።

«ንግግሩን ሳይቆርጡ ነው ያተሙት?» አለችኝ።

«የመጨረሻውን አዎ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የለም።»

አንገቷን ነቀነቀች። የጀመረችውን ቁልፍ ተክላ ጨረሰች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቴአትር አንሥተን አናውቅም።